ፋክተሩ እያለ ወንድሜ 11 ሰዓት ሙሉ ደማ

ታላቅ እህት (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው። ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ አለበት፤ ደም በቀላሉ የማይረጋበት በሽታ ነው። ደም የሚያረጋው ፋክተር 8 የሚባል ፕሮቲን መጠኑ ከ1 በመቶ በታች ነው። ባለፈው ሳምንት ቀኝ ጉልበቱ ውስጥ ደማ። መድኃኒቱን፣ ማለትም በመርፌ የሚሰጠውን ፋክተር፣ ያገኘው መድማት ከጀመረ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

ያን ሌሊት ያልተናደድኩበት ሰው የለም። በማግስቱ ግን ወረቀት አውጥቼ ሰዓቱን አንድ በአንድ ጻፍኩት። እነሆ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ክፍል ውስጥ እያለ፣ ጉልበቱን ነዘረው። ለማንም አልተናገረም። ማታ ከወንበር ሲነሳ ሲያነክስ አይቼ ነው የጠየቅኩት። ያኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል። መኪና ስንፈልግ 2፡30 ሆነ። ቅርባችን ያለው ሆስፒታል 3፡30 ደረስን። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፣ ሰውም ያከብራል። ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ግን አይቶ አያውቅም። መጀመሪያ ራጅ ይነሳ አለ። ተነሳ። አጥንቱ ደህና ነው ተባለ። ማስታገሻ ጡንቻው ላይ ሊወጉት ሲሉ፣ ጡንቻው ውስጥ ይደማል ብላ እናቴ ጮኸች። እኛ ስናስረዳ፣ እነሱ ሲደውሉ 6 ሰዓት ሆነ። ሪፈር ተጻፈልን። ፋክተር ያለበት ሆስፒታል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገባን። ፋክተሩ አለ። ፍሪጅ ውስጥ ነው። የፍሪጁ ቁልፍ ግን ቤቷ ከገባች ሠራተኛ ቦርሳ ውስጥ ነው። ተደውሎላት፣ ከእንቅልፏ ተነስታ እስክትመጣ 9 ሰዓት ሆነ። ወንድሜ ያኔ ጉልበቱን አንሶላ እንኳ ሲነካው ይጮህ ነበር።

ደምሬ አየሁት። ከ11 ሰዓቱ መንገድ የወሰደብን 2 ሰዓት ብቻ ነው። 3 ሰዓት ዝምታ ነው። 1 ሰዓት ተኩል መኪና ፍለጋ። 2 ሰዓት ተኩል ማስረዳት። 2 ሰዓት ቁልፍ።

እስከ ዛሬ ችግራችን እጥረትና ርቀት ነው ስንል ነው የኖርነው። እጥረት የለም አልልም። ባዶ እጃችንን የተመለስንባቸው ቀኖች አሉ። ያን ሌሊት ግን መድኃኒቱ ነበረ። ፋክተር መጋዘን መድረሱና ደም ሥር መግባቱ ለካ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

እናንተ ከእነዚህ ሰዓቶች የትኛውን ቆረጣችሁ? እንዴት አድርጋችሁ? ያላችሁን ንገሩኝ።


ባለ ዘጠኝ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ሄሞፊሊያ ቢ ነኝ፣ የጎደለኝ ፋክተር 9 ነው። 43 ዓመቴ ነው። ስለ ሦስቱ የዝምታ ሰዓቶች ብቻ ልጻፍ። ሌላውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ይጻፉት።

ልጁ ጉልበቱ ሳያብጥ በፊት ያውቀዋል። እመኚኝ፣ ያውቀዋል። አንዱ መንዘር ይለዋል፣ ሌላው ሙቀት ይለዋል። እኔ ጋ ውስጡ ጠበበ፣ ሞላ የሚል ስሜት ነው። ከውጭ ምንም አይታይም። ሐኪም ቢዳስሰው አያገኘውም። ያቺ ሰዓት ወርቅ ናት። ያኔ የገባ ፋክተር ልጁን በማግስቱ ወደ ክፍሉ ሊመልሰው ይችላል። ካበጠ በኋላ የገባው ግን ደሙን ያቆማል እንጂ፣ ውስጥ የተጠራቀመው ደም እስኪመጠጥ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል።

ለምን ደበቀ? እኔ የደበቅኩበትን ልንገርሽ። 12 ዓመቴ ነበር። ቁርጭምጭሚቴ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ክርኔ ደምቶ ነበር። አባቴ ለሕክምናው ገንዘብ ሲበደር በበሩ ቀዳዳ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ። ያው ቁርጭምጭሚት ከዚያ በኋላ በየወሩ ይደማ ጀመር። መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ደም በነካው ቁጥር ይወፍራል። የወፈረው ሽፋን ደግሞ ይበልጥ በቀላሉ ይደማል። እንዲህ እየዞረ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ልስልስ አጥንት ይበላዋል። ዛሬ ያ እግሬ አይታጠፍም።

አሁን ራስሽን ጠይቂ። ወንድምሽ "ትንሽ ይነዝረኛል" ቢል፣ ቤታችሁ ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ምንድን ነው? "ምን ስትሠራ ነው?" ከሆነ ሁለተኛ አይናገርም። እኛ ቤት እሱ ነበር። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ደንግጦ ነው። ልጅ ግን ድንጋጤን ከቁጣ አይለይም። "እንኳን ነገርከን" በሉት። ሰዓቱን ጻፉ። ምን ሲሠራ እንደሆነ ሌላ ቀን ይጠየቃል። ደግሞም ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሠራ ነው።

አስተማሪውም ይወቅ። ልጁ እጁን አውጥቶ ምክንያት ሳይዘረዝር ከክፍል መውጣት የሚችልበት ስምምነት ይኑራችሁ።


ሹፌሩ አባት

የመኪናውን ነገር እኔ ልመልስ። ሁለት ጎረቤት አለን መኪና ያላቸው። በሰላሙ ቀን ሄጄ ነገርኳቸው። "ሌሊት በራችሁን ልናንኳኳ እንችላለን፣ ልጁ እንዲህ ያለ ነገር አለበት" አልኳቸው። አንዱ ስልኩን ሌሊት እንደማያጠፋ ቃል ገባልኝ። እስካሁን ሦስት ጊዜ አድርሶናል። በጭንቅ ሰዓት መለመንና ቀድሞ መነጋገር አንድ አይደለም።


የሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ። ድንገተኛ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ሄሞፊሊያ ክሊኒክ ነኝ። ሁለቱንም ወገን አይቻለሁ ማለት ነው።

ታላቅ እህት፣ ያ ወጣት ሐኪም ጥፋቱ አለማወቁ አይደለም። ሄሞፊሊያ ኤ ከ5,000 ወንድ ልደት አንድ አካባቢ ነው። ቢ ደግሞ ከ25,000 እስከ 30,000 አንድ። ተምሮ ወጥቶ ዓመታት ሠርቶ አንድም ሳያይ የሚቀር ሐኪም ሞልቷል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት በአፍ ማስረዳት አያዋጣም። የደነገጠች እናት የምትለውንና ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚለውን እኩል የሚሰማ ክፍል የለም። ያሳዝናል፣ ግን እንደዚያ ነው።

ወረቀት ያስፈልጋችኋል። አንድ ገጽ ብቻ። ሁለተኛውን ገጽ ማንም አያነብም። የሚከታተለው ሐኪም ይፈርምበት። ላዩ ላይ በትልቁ "ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ፣ መጀመሪያ ፋክተር፣ ምርመራ ቀጥሎ" የሚል ይኑር። በተለይ ለጭንቅላት አደጋ ይቺ ቃል ነፍስ ታድናለች። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ፋክተር ሳይገባለት ሲቲ ስካን ወረፋ ላይ መቀመጥ የለበትም። ከዚያ በታች የልጁ ክብደት ከነተመዘነበት ቀን፣ የሚወስደው ምርት ስም፣ ለመገጣጠሚያ ስንት ዩኒት፣ ለጭንቅላትና ለሆድ ስንት ዩኒት፣ ኢንሂቢተር (ፋክተሩን የሚያከሽፍ ተቃዋሚ) አለው ወይስ የለውም፣ ሌሊት የሚደወልበት ስልክ። ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋ፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይሰጥ፣ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይቻላል የሚለውም ይጻፍ።

መጠኑን ሐኪሙ ነው የሚወስነው። ሒሳቡን ግን ቤተሰብ ቢያውቀው ጥሩ ነው፤ ስሕተት ሲኖር ትይዙታላችሁ። ፋክተር 8 በአንድ ኪሎ 1 ዩኒት ሲሰጥ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በ2 በመቶ ገደማ ያነሳል። ፋክተር 9 ግን በ1 በመቶ ገደማ ብቻ። 40 ኪሎ የሆነ ልጅ 40 በመቶ እንዲደርስ ከተፈለገ፣ በፋክተር 8 800 ዩኒት ነው። ያው ልጅ ሄሞፊሊያ ቢ ቢሆን 1,600 ያስፈልገዋል። ብልቃጡ የሚመጣው በ250፣ በ500፣ በ1,000 ነው። ስለዚህ ወደሚቀርበው ሙሉ ብልቃጥ ይጠጋጋል። የተከፈተ ግማሽ ብልቃጥ መድፋት ግፍ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋክተሩ እስኪገኝ ድረስ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙለት፣ አያስረግጡት። የአፍ ወይም የአፍንጫ ደም ከሆነ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ክኒን ብዙ ያግዛል፣ ዋጋውም ከፋክተር ጋር አይወዳደርም። በሽንት ደም ሲመጣ ግን አይሰጥም። ኩላሊት ውስጥ ደሙን አርግቶ መንገድ ሊዘጋ ይችላል።


የሁለት ወንዶች እናት

ሲስተር፣ ተባረኪ። ወረቀቱን ነገውኑ አስጽፋለሁ።

ባለ ዘጠኝ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። "መንዘር ሲሰማው ወዲያው" ማለት ለሚበቃው ሰው ነው። እኔ ቤት የሚሰጠኝ 2 ብልቃጥ ነው። ልጆቼ ሁለት ናቸው። ለእያንዳንዷ መንዘር ብከፍት፣ አንዱ ከደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱን ቢመታ ምን እይዛለሁ? ስለዚህ እጠብቃለሁ። ካበጠ እሰጣለሁ። ካላበጠ እግዜር ይመስገን እላለሁ። ይሄ ሞኝነት አይደለም፣ የእናት ሒሳብ ነው።


ባለ ዘጠኝ

እመቤቴ፣ ሞኝነት አላልኩም፣ አልልምም። እኔም በዚህ ሒሳብ ነው ያደግኩት። ቤታችን አንዲት ብልቃጥ ለክፉ ቀን ትቀመጥ ነበር። ጊዜዋ አልፎ ተጣለች። ያን ዓመት ቁርጭምጭሚቴ ስምንት ጊዜ ደምቷል።

ሒሳቡን ሌላ መልክ ያዩት። ፋክተር 8 ደም ውስጥ ገብቶ በ8 እና በ12 ሰዓት መካከል ግማሹ ያልቃል። በጊዜ የተያዘ መድማት ብዙ ጊዜ በአንድ መርፌ ይቆማል። ያበጠ ጉልበት ግን ሁለት ሦስት ቀን ተደጋጋሚ መርፌ ይጠይቃል። የጠበቁት ብልቃጥ ተቆጠበ ማለት አይደለም፣ በኋላ በሦስት ተመልሶ ይጠየቃል።


የሌሊት ተረኛ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። እኛ ክሊኒክ የምናደርገው ይሄን ነው። አንዷ ብልቃጥ ለጭንቅላት፣ ለአንገትና ለሆድ ትታሸጋለች፣ አትነካም። ሌላዋ በመጀመሪያው ምልክት ትከፈታለች። የተከፈተች ዕለት ቤተሰቡ ባዶውን ብልቃጥ ይዞ ይመጣል፣ ምትክ ይወስዳል። ምትኩ በወር ቀጠሮ የሚጠበቅ ከሆነ ግን ማንኛዋም እናት ትቆጥባለች። መለመን ያለበት የብዛት ጭማሪ ብቻ አይደለም፣ ቶሎ መተካቱም ነው። እመቤቴ፣ እናንተ ጋ ምትክ በስንት ቀን ነው?


የሁለት ወንዶች እናት

በወር አንዴ ነው። ጠይቄ አላውቅም። እጠይቃለሁ።


ፋርማሲስቱ

ስለ ቁልፉ ሳነብ አፈርኩ። እኛም ጋ ደርሶ ያውቃል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ማንም ካልጠየቀ አይስተካከልም። ፋክተር ውድ ስለሆነ ይቆለፋል። ይቆለፍ። ቁልፉ ግን በተረኛ እጅ መሆን አለበት፣ በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ አይደለም። እኛ ያደረግነው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ትንሽ ሳጥን ማስቀመጥ ነው። አንድ ሰው የሚበቃው መጠን፣ መሟሟያው፣ መርፌው፣ የተረከበው የሚፈርምበት ወረቀት አለበት። ጠዋት ፋርማሲ ቆጥሮ ይሞላል። እስካሁን አንድም አልጠፋም። ታላቅ እህት፣ ለሆስፒታሉ ኃላፊ የጻፍሽውን ሰዓት አሳዪው። ስሞታ አታድርጊው። "ከ7 እስከ 9 ሰዓት ቁልፍ ስንጠብቅ ነበር" የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ቤት ለምታስቀምጡ፦ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ የፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ። በሩ ላይ አይሆንም፣ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ከበረዶ ቤቱ ጋርም አይነካካ፤ በረዶ የሆነ ፋክተር ይበላሻል። መብራት ለሚጠፋበት ቤት ደግሞ መልካም ዜና አለ። ብዙዎቹ ምርቶች ከፍሪጅ ውጭ በክፍል ሙቀት ለተወሰኑ ወራት ይቆያሉ። ስንት ወርና እስከ ስንት ዲግሪ የሚለው እንደ ምርቱ ይለያያል፣ ከውስጡ ያለውን ወረቀት አንብቡ። ያወጣችሁበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ጻፉ። ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ፍሪጅ አይገባም።


አክስት ነኝ

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። እናንተ ስለ ፋክተር ነው የምታወሩት። እኛ ገና በሽታው ራሱ አልተነገረንም። የእህቴ ልጅ 3 ዓመቱ ነው። ጥርስ ሲያወጣ ጀምሮ ሰውነቱ ይበልዛል። ባለፈው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሁለት ቀን ደማ። ቤተሰባችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ስለሌለ ሄሞፊሊያ ሊሆን አይችልም ተባልን። እውነት ነው?


ላብራቶሪ ክፍል

አይደለም። ከሦስት ታማሚዎች አንዱ አካባቢ በቤተሰብ ታሪክ ሳይኖረው፣ በአዲስ የዘር ለውጥ የሚመጣ ነው። ስለዚህ "ቤተሰብ ውስጥ የለም" የሚለው በር አይዘጋም።

ፒቲ እና ኤፒቲቲ የሚባሉ፣ ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለኩ ሁለት ምርመራዎች ያሠሩ። ፒቲው ደህና ሆኖ ኤፒቲቲው ከረዘመ፣ የፋክተር 8 እና የፋክተር 9 መጠን ይለካ። ቀላል ዓይነት ሄሞፊሊያ ላይ ኤፒቲቲው ደህና ሊመስል ስለሚችል፣ ልጁ እየደማ ወረቀቱ "ደህና" ቢል እንኳ የፋክተር ልኬት ይጠይቁ። ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ቱቦ እስከ መስመሩ መሞላቱን በዓይንዎ ይዩ። ዘጠኝ እጅ ደም፣ አንድ እጅ ቱቦው ውስጥ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ጎደሎ ከሆነ ውጤቱ ይዛባል። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ልጅ እንደተመላለሰ እኔ አውቃለሁ። ደሙን የሚቀዳው ሰው ደም ሥር በመውጋት የለመደ ይሁን፣ ከቀዱም በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጫኑ።

እናትየዋንም አስለኩ። የዘር ለውጡን ተሸካሚ የሆኑ ሴቶች ራሳቸው መጠናቸው ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ ከባድ ከሆነ ወይ ሌላ ልትወልድ ካሰበች መታወቅ አለበት።

ለታላቅ እህትም አንድ ነገር። ሁልጊዜ የሚሠራለት መጠን አንድ ቀን አልሠራ ካለ፣ ፋክተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትለፉት። ኢንሂቢተር አስመርምሩ። ሰውነት የተሰጠውን ፋክተር እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያመርተው ተቃዋሚ ነው። በከባድ ሄሞፊሊያ ኤ እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት ላይ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ፋክተር በተወሰደባቸው የመጀመሪያዎቹ 50 ቀናት ውስጥ ነው። የመጣበት ሰው ሌላ ዓይነት መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው። ይሄ ሳይታወቅ ፋክተር ላይ ፋክተር መጨመር ገንዘቡንም ልጁንም ይጎዳል።


አንባቢ

ፋክተር ከሌለ ለምን ክራዮ፣ ያ ከፕላዝማ የሚወጣው የደም ተዋጽኦ፣ አይሰጡትም? ደም ባንክ ሁሉ ጋ አለ አይደል? ደግሞ ከቆዳ ሥር የሚወጋ አዲስ መድኃኒት አለ ሲሉ ሰማሁ።


የሌሊት ተረኛ

ክራዮ ትልቅ ውለታ ያለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ጁዲት ፑል የምትባል ተመራማሪ ናት የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከሥሩ የሚቀረው ዝቃጭ ፋክተር 8 እንደሞላበት ያሳየችው። ሌላ ነገር በሌለበት ሌሊት ዛሬም ነፍስ ያተርፋል። ግን ፋክተር 9 የለበትም። ባለ ዘጠኝን ክራዮ ብንሰጠው ምንም አናደርግለትም፤ ለእሱ በጭንቅ ሰዓት የሚሆነው ፕላዝማ ነው። ደግሞ ክራዮ ብዙ ቦታ ቫይረስ የሚገድል ሂደት አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያልታከመ የደም ተዋጽኦ የሄሞፊሊያ ታካሚዎችን በኤችአይቪና በሄፓታይተስ እንዴት እንደጎዳ እናውቃለን። ሌላ ምርጫ ሲጠፋ እንጂ የዘወትር ሕክምና አይደለም።

አዲሱ መድኃኒት ኤሚሲዙማብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ነው መጀመሪያ የተፈቀደው። ለሄሞፊሊያ ኤ ብቻ ነው። ኢንሂቢተር ላለባቸውም ይሠራል። በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ደም ሥሩ ለጠፋ ሕፃን ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ግን መከላከያ ነው። የጀመረ መድማት አያቆምም፣ ለዚያ አሁንም ፋክተር ይፈለጋል፣ ኢንሂቢተር ላለበት ደግሞ ሌላ ምርት። እሱን የሚወስድ ሰው ኤፒቲቲው ደህና መስሎ ስለሚወጣ ሐኪሙ እንዳይታለል ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።


የማኅበር በጎ ፈቃደኛ

ሁሉንም አነበብኩ። ስለ መጋዘኑ በኩል ልጻፍ፣ እዚያም የምንቆርጠው አለ።

የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። የመሠረተው ፍራንክ ሽናቤል ራሱ ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ነበረበት። ሚያዝያ መጥቶ ፈረንጆቹ ኤፕሪል 17 ሲሉ የምናከብረው የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን የእሱ ልደት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ፌዴሬሽኑ በእርዳታ የተገኘ ፋክተር ወደሚያንሳቸው አገሮች ይልካል። ብዙ ቤተሰብ በቀጥታ ደብዳቤ ሊጽፍ ይሞክራል። ለግለሰብ አይላክም። የሚሄደው በአገሩ ማኅበርና በሕክምና ማዕከሉ በኩል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መመዝገብ አለባችሁ። መዝገብ ላይ የሌለ ልጅ ሲጠየቅለት አይቆጠርም።

ሰው ብዙ የማያስበው ነገር ደግሞ የአጠቃቀም ማስታወሻ ነው። የብልቃጡ ተለጣፊ ወረቀት፣ ቀኑ፣ የደማው ቦታ፣ የገባው ዩኒት። ይሄ ካልተመለሰ ማዕከሉ መድኃኒቱ የት እንደደረሰ ማሳየት አይችልም፣ ቀጣዩን መጠየቅም ይከብደዋል። ከመንግሥት ጋር ስንነጋገርም የምንይዘው እሱን ነው። ፋክተር 8 እና 9 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ይሄን ስንናገር ባለሥልጣኖች ይሰማሉ። "ስንት ሰው፣ ስንት ዩኒት?" ብለው ሲጠይቁ ግን መልሱ ያለው እናንተ ማስታወሻ ውስጥ ነው።

ማዕከላችሁን ስለ አነስተኛ መጠን መከላከያም ጠይቁ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ጥቂት ዩኒት በቋሚነት መውሰድ፣ ደምቶ ከመሮጥ ይሻላል። የፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. የ2020 መመሪያም መከላከያን ነው የሚያስቀድመው። ሙሉ መጠን እስኪገኝ ትንሹን መናቅ የለብንም።


ታላቅ እህት

ሰባት ሳምንት ሆነ። ዝም ያልኩት ስሮጥ ስለነበር ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ወረቀቱ ተጽፏል፣ አንድ ገጽ፣ ማኅተም አለው። አንዱ በወንድሜ ቦርሳ፣ አንዱ በእናቴ፣ አንዱ በስልኬ ላይ ፎቶ። ፋክተር ያለበት ሆስፒታል የጻፍኩትን ሰዓት አየው። ቁልፉ አሁን ከተረኛ ወደ ተረኛ ይተላለፋል። እናቴ ቤት መስጠት እንድትችል ማዕከሉ አራት ቀን አሠለጠናት። 2 ብልቃጥ ፍሪጃችን ውስጥ አለ። አንዷን ሲስተር እንዳለችው አሽገናታል።

ትናንት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የግራ ቁርጭምጭሚቱ ነዘረው። እጁን አውጥቶ ወጣ። አስተማሪው ደወለልኝ። 4፡40 ቤት ነበርን። እናቴ እጇን ታጠበች፣ ብልቃጡን ከፍሪጅ አውጥታ በሁለት መዳፏ ያዘችው፣ ብርዱ እስኪለቀው። መሟሟያውን ጨመረች። "አይናጥም፣ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ አረፋ እንዳይሆን" ትላለች ለራሷ። ወንድሜ "ስጪኝ" ብሎ ተቀበላትና እሱ ዞር ዞር አደረገው። ዱቄቱ ቀልጦ እንደ ውሃ ጠራ። የመጀመሪያው ወግ ሳተ። እናቴ አይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አላቆመችም። ሁለተኛው ላይ ደም ወደ ቀጭኑ ቱቦ ተመለሰ፣ ገባን ማለት ነው። ቀስ እያለች ገፋችው። 5፡15 ላይ አለቀ።

1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ።

ያልተፈታው፦ ቅርባችን ያለው ሆስፒታል ብልቃጥ ለማስቀመጥ ገና እሺ አላለም። እናቴ በሌለችበት ቀን ምን እንደምናደርግ አላውቅም።


የማኅበር በጎ ፈቃደኛ

ለሆስፒታሉ አብረን እንጻፍ። ከ11 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ከሩብ የሚለውን መጀመሪያው መስመር ላይ አድርገን። የትናንቱን ተለጣፊ አትጣይው።


የሁለት ወንዶች እናት

እኔም ጠየቅኩ። ምትክ በሳምንት ውስጥ እንዲሰጠኝ ተፈቀደ። ለወር ከሚጠበቀው ይሻላል። ትንሹ ልጄ ትናንት ክርኑን ሲያሸው አይቼ ቶሎ ከፈትኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈትኩት፣ ግን ከፈትኩ።


ታላቅ እህት

(ወንድሟ ነኝ፣ በእሷ ስልክ።) ጋሼ ባለ ዘጠኝ፣ የጻፉትን አነበብኩ። ቁርጭምጭሚትዎ አሁንም ያምዎታል?


ባለ ዘጠኝ

ጠዋት ስነሳ ያመኛል፣ ደረጃ ስወርድ ደግሞ ይብሳል። ፀሐይ ሲወጣ ይለቀኛል። ያንተስ እንዴት አደረ? ዛሬና ነገ እንዳትሮጥበት። ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት በሜትር ለክተህ ልዩነቱን ጻፍልኝ፣ ማታ እመለከተዋለሁ።